የሰው ታሪክ ለቅሞ ማደር

የዓመት መጽሐፉ አዘጋጆች «ከሙያችሁ ትንሽ ወጣ በሉና ስለምታውቁት አገር ታሪክ ጻፉ» ሲሉን ብዙው ጓደኛዬ ወደ ዶርም ትዝታው እንደሚሮጥ ገመትኩ። እኔ ወደ ጎረቤላ ልውሰዳችሁ። ለማታውቋት፣ ከደብረ ብርሃን አርባ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዛችሁ፣ ደጋው አልቆ መሬቱ ወደ አፋር ቆላ ሊወርድ ሲል የምታገኟት የአንኮበር ወረዳ ከተማ ናት። የነገሥታቱ አንኮበር ከእሷ ትንሽ አለፍ ብሎ፣ ጉብታው ላይ ነው። የእናቴ ወገኖች የጎረቤላ ሰዎች ስለሆኑ ልጅነቴን እኩሌታውን እዚያ ውርጭ ላይ አሳልፌዋለሁ።

ስለ አንኮበር የሚጽፍ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ስለ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ፣ ስለ አጼ ምኒልክና ስለ ቤተ መንግሥቱ ፍርስራሽ ነው የሚጽፈው። እኔ የምጽፈው ስለ አንድ የሥራ ዓይነት ነው። መንገድ ላይ እየዋሉ የሰው ታሪክ እየለቀሙ በዚያው እንጀራ መብላት። አንኮበርና አካባቢዋ ይህን ሥራ በሁለት መልኩ አይተውታል። ሦስተኛው መልክ የእኛ የሐኪሞቹ ይመስለኛል፤ እሱን ወደ ኋላ እመጣበታለሁ። (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት፤ ከመጻሕፍቱ ጋር ለሚያስተያይ እንዲቀለው ብዬ ነው።)

በመጀመሪያ ፈረንጆቹ። ሣህለ ሥላሴ ከ1813 እስከ 1847 ሸዋን ሲገዙ ከአንኮበር ወደ ባሕር የሚያወጣው መንገድ በአዳል በረሃ አቋርጦ ታጁራ የሚደርሰው የቅፍለት መንገድ ነበር። በ1839 ሚሲዮናውያኑ ኢዘንበርግና ክራፕፍ በዚህ መንገድ መጡ። በዚያው ዓመት ፈረንሳዊው ሮሼ ዴሪኩር መጣ። በ1841 እንግሊዛዊው ቻርልስ ቤክ ደረሰ፤ ጥቂት ወራት ቆይቶ ደግሞ ካፒቴን ዊልያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ ከሕንድ የተላከ ትልቅ የመልእክተኛ ቡድን ይዞ ገባ። ሐኪም፣ ሠዓሊ፣ የተፈጥሮ ተመራማሪ፣ ወታደር፣ ሁሉም አለበት። በ1842 ቻርልስ ጆንስተን የሚባል የቀዶ ሕክምና ባለሙያ ለብቻው ተከተለ። ሁሉም ይጽፉ ነበር። እንግዲህ አስቡት፣ በአራት ዓመት ውስጥ በአንድ ተራራ ላይ ይህን ያህል ማስታወሻ ደብተር!

ደመወዛቸው ከሌላ ቦታ ነበር የሚመጣው፤ አንዱን መንግሥት ሌላውን ሚሲዮን ይከፍለዋል። ስም ያወጣላቸው ግን ከሰው አፍ የሰበሰቡት ነው። ሃሪስ በኅዳር 1841 ከንጉሡ ጋር ውል ተፈራረመ፣ በ1843 ወጣ፣ በ1844 ሦስት ቅጽ መጽሐፍ ሎንዶን ላይ አሳተመ፤ በዚያው ዓመት «ሰር» ተባለ። የብዙ ቋንቋዎችን ቃላት የሰበሰበው ቤክ በ1845 የእንግሊዝ ንጉሣዊ የጂኦግራፊ ማኅበር የወርቅ ሜዳሊያ ተሸለመ። የውሉን ነገር ዛሬ ከታሪክ ሰው በቀር ማን ያስታውሰዋል? መጻሕፍቱ ግን እስከ ዛሬ ይጠቀሳሉ። እኔም ስለ አያቶቼ አገር ብዙ ነገር ያነበብኩት ከእነሱ ነው፤ ይህን መካድ ነውር ነው።

ታሪኩን ከማን ሰበሰቡት? ከአንኮበር ወደ ቆላው ስትወርዱ አልዩ አምባ አለ። የቅፍለቱ ገበያ እሱ ነበር። ጆንስተን የተቀመጠው እዚያ ነው፤ በወባ የሚመስል ትኩሳት እየተንገላታ። ከሐረር የመጣ፣ ከአፋር የመጣ፣ ከደቡብ በባርነት ተሸጦ የመጣ፣ ሁሉም በዚያ ገበያ ያልፋል። ከእነዚህ አንዱ ዲልቦ የሚባል የእናርያ ተወላጅ ባሪያ ነው። ለክራፕፍ ስለ አገሩ ሲነግር ከከፋ ወዲያ ዶኮ ስለሚባሉ ሰዎች አወራው። ቁመታቸው አራት ጫማ ያህል ነው፣ በቀርከሃ ጫካ ይኖራሉ፣ ጉንዳንና እባብ ይበላሉ። ክራፕፍ ጻፈው። ሃሪስ ወስዶ በመጽሐፉ አስገባው። ከዚያ ወዲያ የአውሮፓ ጂኦግራፊ አዋቂዎች ለብዙ ዓመት ስለ ዶኮ ድንኮች ተከራከሩ።

ዶኮ የሚባል አገር ዛሬም በጋሞ ደጋ፣ ከጨንቻ አጠገብ አለ። ሰዎቹ እንደ እኔና እንደ እናንተ ናቸው። ዲልቦ ዋሸ ማለቴ አይደለም፤ የሩቅ አገር ወሬ ከአፍ ወደ አፍ ሲሄድ ምን እንደሚሆን ከእኛ ከሐኪሞች በላይ የሚያውቅ የለም። (ሪፈር ተደርጎ የመጣ በሽተኛ ካርድ አንብባችሁ ታውቃላችሁ አይደል?) የምለው ሌላ ነው። ስለ ዶኮ የተጻፈውን አንድም የዶኮ ሰው አልሰማውም። ሰምቶ «እንዴ! ይሄማ እኛ አይደለንም» የሚልበት ዕድል አልነበረውም። ታሪኩ ከባለቤቱ ራቀ፣ ባሕር ተሻገረ፣ ታተመ፣ ተሸጠ።

አንድ ነገር ልጨምርና ፈረንጆቹን እተዋቸዋለሁ። ከእንግዶቹ ሁሉ ሰው ደጃቸውን የሚያጨናንቀው የሐኪሞቹን ነበር። ንጉሡ ራሳቸው አንድ ዓይናቸው የታወረ፣ የመድኃኒት ነገር አጥብቀው የሚጠይቁ ሰው ነበሩ። በኋላም በ1870ዎቹ ምኒልክ ለጣልያን የጂኦግራፊ ማኅበር ልጥ ማረፊያን ሲሰጡ፣ ማርኬዝ አንቲኖሪ በ1882 እዚያው ሞቶ ከተቀበረ በኋላ ጣቢያውን ከያዙት መካከል ሐኪሙ ትራቨርሲ ይገኝበታል። መድኃኒት የያዘ ሰው ጥያቄ ሲጠይቅ መልስ ያገኛል። የታመመ ሰው ይናገራል። ይህ ያኔም እውነት ነበር፤ ዛሬም በየክሊኒካችን እውነት ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛዎቹ። በሰሜን ሸዋ ደጋ ያደገ ሰው ላሊበሎችን አያስተዋውቁትም። በጎንደር በኩል ሐሚና የሚሏቸው ናቸው። ስማቸውን ከንጉሥ ላሊበላ ጋር የሚያያይዝ አፈ ታሪክ አለ፤ አልገባበትም። ጎህ ሳይቀድ ደጃፍ ላይ ይቆማሉ። አብዛኛውን ጊዜ ባልና ሚስት ናቸው፤ እሱ ግጥሙን ያወጣል፣ እሷ ትቀበላለች። ማሲንቆ የለ፣ ክራር የለ፣ ድምፅ ብቻ። ከሰጧቸው መርቀው ይሄዳሉ፣ ካልሰጧቸው ቆይተው ቆይተው ነገሩን ወደ ስድቡ ያዞሩታል። ከአዝማሪ የሚለያቸው መሣሪያው ብቻ አይደለም። አዝማሪ ጠጅ ቤት ወይም ሠርግ ይጠራል፤ ላሊበላ ሳይጠራ ይመጣል፣ ፀሐይ ወጥታ ፊቱ ሳይታይም ይሄዳል።

የሥራው ብልሃት ያለው ግን ከዜማው በፊት ነው። ባለቤቱን በስሙ ይጠሩታል። ልጁ መቼ እንደተዳረች ያውቃሉ። ክርስቲያን ይሁን ሙስሊም ያውቃሉ፤ ለክርስቲያኑ በማርያም፣ ለሙስሊሙ በነቢዩ ይለምናሉ። ይህን ሁሉ ከየት አመጡት? ሲመሽ ወደ ሰፈሩ ገብተው ጠይቀው ነዋ። ከውኃ የምትመለስ ሴት፣ ከብት የሚያስገባ እረኛ፣ አጥር ላይ የተቀመጠ ልጅ ይነግራቸዋል። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ዘበኛውና ባለሱቁ።

አንድ ጊዜ የተጠየቀችው ልጅ እኔ ነበርኩ። በደርግ መጨረሻ ዓመታት፣ ስምንት ወይም ዘጠኝ ዓመት ቢሆነኝ ነው። ነጠላዋን ተከናንባ ከአያቴ አጥር ውጭ ያገኘችኝ ሴት የቤቱን እመቤት ስም ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። ወንድ ልጅ አላቸው? አለች። አጎቴ ለውትድርና ተወስዶ ደብዳቤ ከተቋረጠ ከርሟል፤ እሱንም ነገርኳት። ልጅ ምን ይደብቃል! በማግስቱ ጉሙ ሳይገለጥ የአያቴ ስም ከደጅ ተጠራ። ቀጥሎ የአጎቴ ስም። እንዲህ ያለች እናት ልጇ በእግሩ ይመለስላታል፣ በሩን የሚከፍተው እሱ ነው እያሉ ያዜማሉ። አያቴ ከመደቡ ተነስታ መሬት ላይ ተቀመጠች። ለለማኝ አንድ እፍኝ የምትሰፍር ሴት አንድ ቁና ገብስ ራሷ ተሸክማ ወጣች። አጎቴ በ1991 ሠራዊቱ ሲበተን በእግሩ ገባ። አያቴ እስክትሞት ድረስ ያንን ምርቃት እንደ ደረሰ ምርቃት ነው የቆጠረችው። እኔ ደግሞ ለረጅም ጊዜ «ሴትዮዋን የላክኋት እኔ ነኝ» የሚል የልጅ ኩራት ነበረብኝ።

ልዩነቱን አያችሁት? ላሊበላ ማታ የለቀመውን ታሪክ ጠዋት ለባለቤቱ ይመልሰዋል። ከተሳሳተ እዚያው ይታወቅበታል፤ የሞተን ሰው በሕይወት አለ ብሎ ቢያዜም፣ ያልወለደችውን ሴት የልጅ እናት ብሎ ቢጠራ ገብሱ ይቀርበታል፣ ውሻም ይለቀቅበታል። መረጃው ባለቤቱ ጆሮ ላይ ይፈተናል። ይህ ከሃሪስ ሦስት ቅጽ ይልቅ ጠበቅ ያለ ፈተና ነው ብል የታሪክ መምህራኖቻችን ይቆጡኝ ይሆን? እርግጥ ላሊበላ የሚሰበስበው ደስ የሚያሰኘውን መርጦ ነው፤ እንጀራው ነውና። ነገሩ ሁሉ ቅዱስ ነው እያልኩ አይደለም። አያቴን ያስለቀሳት ሐዘኗ እንደሚያስከፍል ያወቁ ሰዎች ናቸው።

እነዚህ ሰዎች ስለ ሌላው የሚያዜሙት በየጠዋቱ ይፈተናል። ስለ እነሱ የሚባለው ግን ተፈትኖ አያውቅም። ሁላችሁም ሰምታችሁታል። ላሊበላ የሚለምነው ቸግሮት አይደለም፣ ዘሩ ነው። ዜማውን ከተወ የአባቶቹ በሽታ ይወጣበታል። በሽታው ሥጋ ደዌ ነው። (ሌላውን ስሙን አልጽፈውም፤ ስድብ ሆኗል።) ይህ እምነት ከውጭ ብቻ የተጫነ አይደለም፤ ከራሳቸው ብዙዎቹ ያምኑበታል። ስለዚህ እርሻ ያለው፣ በሬ ያለው ሰው እህሉን ከከተተ በኋላ ሚስቱን አስከትሎ ሰው ወደማያውቀው አገር ይወጣል፤ ሲመለስ ለጎረቤቱ ንግድ ሄጄ ነበር ይላል።

በሕክምና ዓይን ሳየው እምነቱ ከምንም ተነስቶ የመጣ አይደለም። ኖርዌያዊው ሐንሰን ባክቴሪያውን ያገኘው በ1873 ነው። ከዚያ በፊት በአውሮፓም ብዙ ሐኪም በዘር ይተላለፋል ይል ነበር፤ ምክንያቱም በአንድ ቤት ተደጋግሞ ይታያል። የሚታየው እውነት ነው፣ ምክንያቱ ነው የተሳሳተው። ባክቴሪያው ቀርፋፋ ነው፤ ከሰው ወደ ሰው የሚሻገረው ካልታከመ ሰው ጋር ለረጅም ጊዜ አብሮ በመኖር ነው፤ አብዛኛው ሰው ደግሞ በተፈጥሮው ይቋቋመዋል። ምልክቱ እስኪታይ በአማካይ አምስት ዓመት፣ አንዳንዴ ሃያና ከዚያ በላይ ይወስዳል። (የመያዝ ተጋላጭነት ላይ የዘረ መል ድርሻ እንዳለ ጥናቶች ያሳያሉ፤ ይህ ግን በሽታው በዘር ይወረሳል ከማለት ሌላ ነገር ነው። የዘርፉ ባልደረቦቼ እንዳትቆጡኝ።)

አሁን ይህን ቀርፋፋነት ከእምነቱ አጠገብ አስቀምጡት። አንድ ሰው ዜማውን ተወ። ከስምንት ዓመት በኋላ ጀርባው ላይ ነጣ ያለ፣ ቢወጉት የማይሰማው ቦታ ወጣ። ምን ይባላል? «ትቶ ነው» ይባላል። ሌላው ሳይተው ቢይዘውስ? «አንድ ዓመት ሳይወጣ ቀርቶ ነበር» ይባላል። ሳይተው ጤነኛ ሆኖ የኖረው ደግሞ ማስረጃ ነው። ከዚህ ወጥመድ የሚወጣ የለም። በአንድ ቤት አንድ ያልታከመ አዛውንት ካለ ታሪኩ በየትውልዱ ራሱን እያረጋገጠ ይሄዳል።

የከፋው ግን መንገዱ ነው። ሥጋ ደዌ የእግርን ስሜት ይገድላል። ስሜት የሌለው እግር እሾህ ሲገባበት፣ ጫማ ሲልጠው አያውቅም። በሽታውን ለመከላከል ብሎ በሌሊት በደጋው ድንጋይ ላይ የሚሄድ ሰው፣ በሽታው ካለበት፣ እግሩን የሚያጣው በዚያው መንገድ ነው።

መድኃኒት ካለ ቆይቷል። የዓለም ጤና ድርጅት ባለሙያዎች ሪፋምፒሲን፣ ዳፕሶንና ክሎፋዚሚን በአንድ ላይ እንዲሰጡ የመከሩት በ1981 ነው፤ አገራችን ከ1983 ጀምሮ መስጠት ጀምራለች። እንደ ዓይነቱ ስድስት ወይም አሥራ ሁለት ወር ነው፣ በነፃ ነው። በ1965 የተቋቋመው አለርትና በ1970 የተቋቋመው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም አዲስ አበባ ላይ ጎን ለጎን ናቸው፤ ብዙዎቻችን ነጣ ያለ ቆዳ በጥጥ ጫፍ መንካትን የተማርነው እዚያ ነው። ሆኖም በቅርብ ዓመታትም በአገራችን በየዓመቱ ከ2,000 በላይ አዲስ ሕሙማን ይገኛሉ፤ ከእነሱም ጣታቸው ከተጎዳ በኋላ የሚመጡ አሉ። መድኃኒቱ እያለ ለምን ይዘገያሉ? አንዱ መልስ ታሪካቸውን ስለማይነግሩን ነው።

አንዲት እናት በእግር ቁስል መጡብኝ። የት እንደሆነና መቼ እንደሆነ ልተወው፣ ከደጋው የመጡ ናቸው ብል ይበቃል። ሥራ ምንድን ነው? ንግድ። ምን ይነግዳሉ? እንዲያው ንግድ። በቤተሰብ እንዲህ ያለ ሕመም የነበረበት አለ? የለም። ካርዱ ላይ ሞላሁት። የቆዳው ምርመራ ሌላ ነገር ይናገራል፣ ካርዱ ሌላ። በሦስተኛው ቀጠሮ፣ ቁስሉን እያጠብን፣ ስለ ጎረቤላ ሳወራቸው የአያቴን ሰፈር በደንብ ያውቁታል። ገበያውን ሳይሆን ደጃፎቹን ነው የሚያውቁት፤ የትኛው ቤት ውሻ እንዳለው፣ የትኛው ቤት አሻሮ እንደሚሰጥ። ያን ጊዜ ዝም አልኩ። እሳቸውም ዝም አሉና፣ «እንግዲህ አወቅሽው» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ያወሩኝ በሦስት ቀጠሮ ከሞላሁት ካርድ ይበልጣል። አባታቸው እንዴት እንደሞቱ፣ ባላቸው ለምን ብቻውን መውጣት እንደማይችል፣ የልጅ ልጆቻቸው ከማን ጋር እንደሚያድሩ። የእኔን አጠያየቅም ገመገሙልኝ። «እናንተ ባለቤቱን ፊት ለፊት ነው የምትጠይቁት፤ እንዴት ይነግራችኋል? እኛ ጎረቤቱን ነው የምንጠይቀው። ደሞ ብንሳሳት ጠዋቱኑ ነው የምንሰደበው። እናንተ የጻፋችሁትን ማን ያነብላችኋል?»

የመጨረሻዋን ጥያቄ ለእናንተ ለመምህራኑ ነው ያመጣኋት። ሦስተኛው መልክ ያልኩት ይህ ነው። የበሽተኛ ታሪክ መውሰድን የዚህ ሙያ መጀመሪያ ብላችሁ አስተምራችሁናል። በዚያ ታሪክ ተመርቀናል፣ የጉዳይ ዘገባ ጽፈናል፣ በመጽሔት አትመን ረዳት ፕሮፌሰር፣ ተባባሪ ፕሮፌሰር ተብለናል። እንጀራችን ነው። የፈቃድ ቅጽ እናስፈርማለን፣ ስም እንደብቃለን፣ ይህ ሁሉ ተገቢ ነው። ግን የጻፍነውን ለባለቤቱ መልሰን፣ በሚገባው ቋንቋ አንብበን፣ «እንዲህ ነው ወይ?» ብለን የጠየቅነው ስንቱን ነው? በዚህ በኩል ከላሊበላ ይልቅ ወደ ሃሪስ የምንቀርብ ይመስለኛል። ላሊበሎችን ራሳቸውን ያጠኑም አሉ፤ ጃፓናዊው የሥነ ሰብ ተመራማሪ ኢትሱሺ ካዋሴ ጎንደር ላይ ስለ እነሱ ፊልም ሠርቷል። ከሕክምና በኩል ግን ወደ እነሱ ለመሄድ የተሻለው ጊዜ እህል ተከቶ ሳይወጡ በፊት መሆኑን ያስረዱኝ እኚሁ እናት ናቸው፤ እኔ የማላውቀው ነገር ነበር። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የቆዳ ምርመራ ዘመቻ ሲያቅዱ በመኸር መጨረሻ ቢያደርጉት፣ ቤት የቀረ ሰው ሳይሆን ቤተሰቡ በሙሉ ይገኛል።

መድኃኒቱን አሥራ ሁለት ወር ጨረሱ። የልጅ ልጆቹን አስመጥተን አየናቸው፤ አንደኛው ክንዱ ላይ ነጣ ያለ ቦታ ነበረው፣ ስሜቱ ገና ሙሉ በሙሉ አልጠፋም፣ በስድስት ወር ጨረሰ። ጣቶቹ ሁሉም ይሠራሉ። የእሳቸው እግር ቁስሉ ድኗል፣ ስሜቱ አልተመለሰም፤ ለስላሳ ሶል ያለው ጫማ ያደርጋሉ፣ ማታ ማታ እግራቸውን በዓይናቸው ይፈትሻሉ። ዜማውን ተዉ ወይ ብላችሁ ትጠይቁኝ ይሆናል። እኔ አልጠየቅኋቸውም፤ ተይ ብዬም አላዘዝኩም። በሽታው ዜማ ስለተዉ እንደማይመጣ፣ ስላዜሙም እንደማይቀር ነገርኳቸው፤ የቀረው የእሳቸው ነው።

በመጨረሻው ቀን ካርዱን ከፍቼ በአማርኛ አነበብኩላቸው። የአባታቸውን ነገር አንድ ቦታ ላይ አረሙኝ፤ የሞቱት በበሽታው ሳይሆን በመንገድ ላይ በብርድ ነው አሉ፣ አስተካከልኩት። «ሥራ» የሚለው መስመር ላይ ስንደርስ ብዕሬን ይዤ ጠበቅኋቸው።

«ነጋዴ የሚለው ይቆይ» አሉኝ። አለ፣ እንዳለ ነው።